ጠያቂ ስለ ማጣት፤ በሰው ንግድና በስደት ስለሚበደሉት ሴቶችና ሕፃናት



 እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሰው ንግድ፣ ይልቁንም እንጀራ ፍለጋ ከአገራቸው ወጥተው በማያውቁት ሰው እጅ የወደቁት ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ነው። በዚህ አዳራሽ ካለነው መካከል ልጁን ወይም እኅቱን፣ ያም ባይሆን የጎረቤቱን ልጅ ወደ ዐረብ አገር ያልሸኘ ጥቂት ስለሚሆን፣ ነገሩ የየቤታችንን ደጃፍ የሚነካ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

የንግግሬ ዓላማ አንድ ሐሳብ ማስረዳት ነው። የሰው ንግድ ምንጩ ድህነት ነው ሲባል ዘወትር እንሰማለን፤ ይህ አባባል ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ድኻ ሆነው በሰው አገር ሠርተው፣ ደመወዛቸውን ተቀብለው፣ በሰላም ወደ ቤታቸው የተመለሱ ብዙዎች ናቸውና። ድህነት ሰውን ከቤቱ ያስወጣዋል፤ ወደ ባርነት የሚጥለው ግን በሄደበት ስፍራ «የት ደረሰ? ምን በላ? ማን በደለው?» ብሎ የሚጠይቅለት ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ዳኛና መንግሥት ሲያጣ ነው። የሰው ነጋዴ ብልሃት ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አስቀድሞ ጠያቂ ያሳጣል፣ ከዚያ በኋላ ያሻውን ያደርጋል። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ ታሪኩና ስለ ሕጉ፣ ቀጥሎ አንዲት ልጅ ከመንደሯ ስለምትወጣበት መንገድ፣ ከዚያም ስለምትገባበት ቤት እናገራለሁ፤ በመጨረሻም ወደ ራሳችን ቤት ተመልሼ ከእኛ የሚጠበቀውን አመለክታለሁ።

እንግዲህ ከታሪኩ እንጀምር። የሰው ንግድ ለዚህች ምድር እንግዳ ደራሽ አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት በምጽዋ፣ በታጁራና በዘይላ በኩል ከኢትዮጵያ የተነጠቁ ሰዎች ቀይ ባሕርን እየተሻገሩ ሲሸጡ ኖረዋል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት በዚያ መንገድ ከተነዱት የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ አስቴር ጋኖ ናት፤ በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ የመን ከሚሻገር የባሪያ መርከብ ላይ በኢጣልያኖች እጅ ነፃ ወጥታ፣ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ኦነሲሞስ ነሲብም እንዲሁ በሕፃንነቱ ተነጥቆ ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጥ ቆይቶ በ1870 እ.ኤ.አ. በምጽዋ ነፃ የወጣ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ተባብረው የሠሩት ሥራ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለሕዝባቸው አበረከተ። ከዚያ የባሕር ዳር የሚጠይቅላቸው ሰው የተገኘላቸው ሁለት ሕፃናት ለአንድ ታላቅ ቋንቋ ይህን ያህል ከሠሩ፣ ጠያቂ ሳያገኙ ባሕሩን የተሻገሩት ስንት መምህራን፣ ስንት ሊቃውንት፣ ስንት እናቶች እንደ ነበሩ ማን ቈጥሮ ይጨርሳል?

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ንግድ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ዮሴፍን ለእስማኤላውያን ነጋዴዎች የሸጡት ጠላቶቹ አልነበሩም፤ በአንድ አባት ጉያ ያደጉ ወንድሞቹ ነበሩ። በግብጽም የጌታው ሚስት በሐሰት በከሰሰችው ጊዜ፣ እንግዳና አገልጋይ በመሆኑ ቃሉን የሚቀበልለት ዳኛ ስላልነበረ ወደ ግዞት ቤት ወረደ። በቅርብ ሰው መሸጥና በሐሰት ክስ መታሰር፣ ወደ ፊት እንደምናየው፣ ዛሬም የዚህ ንግድ ሁለቱ ምሰሶዎች ናቸው። ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን ይፈርዱበት የነበረው ፍትሐ ነገሥትም ሰው ሁሉ በባሕርዩ ነፃ መሆኑን፣ አንዱን ለሌላው ተገዥ ያደረገው ግን ጦርነትና ኃይል መሆኑን ያስተምራል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያን ንግድ ለማጥፋት ቃል ገባች፤ ከጠላት ወረራ በኋላም በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ባርነት ከሕጋችን ፈጽሞ ተሰረዘ።

ባርነት ከሕግ መጽሐፍ ስለ ተሰረዘ ግን ከምድር አልጠፋም። የዓለም የሥራ ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. ተገድደው የሚሠሩ ሰዎች 27.6 ሚሊዮን ነበሩ፤ ከእነዚህም 3.3 ሚሊዮኑ ሕፃናት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት በ2000 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው፣ በፓሌርሞ ከተማ ስም የሚጠራው ፕሮቶኮል ነገሩን በሦስት ምልክት ለይቶታል። የመጀመሪያው ድርጊቱ ነው፤ ሰውን መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማስተላለፍ ወይም መቀበል። ሁለተኛው መንገዱ ነው፤ ማስገደድ፣ ማታለል፣ ወይም የሰውን ችግር መጠቀሚያ ማድረግ። ሦስተኛው ፍጻሜው ነው፤ በሰውነቱ ወይም በጉልበቱ መነገድ። ኢትዮጵያ ይህን ፕሮቶኮል በ2004 ዓ.ም. ተቀብላዋለች፤ ዛሬ የሚሠራበትም አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። በዚህ ሕግ ውስጥ ሕዝብ ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ በማታለል የተገኘ ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቈጠርም፤ ስለዚህ «ወድዳ ሄደች» የሚለው ቃል ለአታላዩ መከላከያ አይሆነውም። ሁለተኛው፣ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲሆን መታለሉን ወይም መገደዱን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም፤ ለብዝበዛ መወሰዱ ብቻውን ወንጀል ነው።

ከሕጉ ወደ መንገዱ እንሻገር። ብዙዎቻችን የሰው ነጋዴ ሲባል ፊቱን የሸፈነ ወንበዴ ይታየናል፤ በእውነቱ ግን ወደ ቤት የሚገባው ደላላ ቡና የሚፈላለት፣ የአባትየውን ስም አክብሮ የሚጠራ፣ ምናልባትም የአክስት ልጅ ወይም የክርስትና ዘመድ ነው። ይዞት የሚመጣውም የምሥራች ነው፤ የእገሌ ልጅ በኮንትራት ሄዳ ለእናቷ የቆርቆሮ ቤት ሠራች፣ የእገሊት ልጅ ወንድሟን አስተማረች ይላል፤ የሚለውም ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። አንዷ የሠራችው የቆርቆሮ ቤት በመንደሩ ሁሉ ይታያል፤ የሌሎቹ ስቃይ ግን በማይታይ ስፍራ ተዘግቶበት ይቀራል። ልጂቱም የእናቷን ድካም እያየች ያደገች ስለሆነች፣ የምትሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለራሷ ብላ አይደለም፤ ታናናሾቿን ልታስተምር፣ የታመመ አባቷን ልታሳክም፣ ዕዳ ልትከፍል ነው። ደላላው የሚነግደው በክፋቷ ወይም በስንፍናዋ ሳይሆን በዚህ በመልካሙ ጠባይዋ መሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ፤ ኃጢአቱን እጅግ ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ወጪው ይመጣል። በሬ ይሸጣል፣ መሬት ለኮንትራት ይሰጣል፣ ከአራጣ አበዳሪ ገንዘብ ይወሰዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛውንና የአውሮፕላኑን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዝዛል፤ ደላላው ግን ይህን አይናገርም፤ ቤተሰቡም አያውቅም። ያው አዋጅ ሲወጣ ሠራተኛዋ ስምንተኛ ክፍል እንድትጨርስ፣ ዕድሜዋም ከ18 እንዳያንስ ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን በገጠር ካሉት ልጃገረዶች ብዙዎቹ ያን ክፍል ሳይጨርሱ ትምህርት የሚያቋርጡ ስለሆነ፣ ሕጋዊው በር ሲጠብብባቸው የደላላው በር ሰፊ ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር። የ15 ዓመቷ ልጅ በቀበሌ መታወቂያ ላይ ዕድሜ ይጨመርላትና የ20 ዓመት ሴት ትባላለች። በዚያች ደቂቃ፣ ገና ከአገሯ ሳትወጣ፣ የመጀመሪያዋን ጠያቂዋን ታጣለች፤ ሕፃን ስለሆነች ሊጠብቃት የነበረው ሕግ በወረቀት ላይ አያገኛትምና።

በዚህ ረገድ የ2006 ዓ.ም. ነገር ታላቅ ትምህርት ይሰጠናል። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር መንግሥት የዜጎችን ስቃይ አይቶ የቤት ሠራተኞች ወደ ውጭ እንዳይሄዱ አገደ። ወዲያውም በኅዳር የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ስለ ጀመረ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት ያሉባቸው ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. ጸና። በዚህ ሁሉ ጊዜ ግን ፍልሰቱ አልቆመም፤ በቦሌ ትወጣ የነበረችው በመተማ ወደ ሱዳን፣ በጅቡቲ ጠረፍ በኦቦክ ወደ የመን መሻገር ጀመረች። በሰነድ ትሄድ የነበረችው ያለ ሰነድ ሄደች፤ ስሟ በመዝገብ ላይ ስላልሰፈረ መንግሥቷ እንኳ የት እንዳለች ሊጠይቅላት አልቻለም። በየመን ጠረፍም ከጀልባ የወረዱትን ይዘው፣ እየደበደቡና ሴቶቹን እየደፈሩ፣ የስቃያቸውን ድምፅ በስልክ ለቤተሰብ እያሰሙ ቤዛ የሚጠይቁ ጨካኞች ይጠብቋቸዋል። ድንበር አሻጋሪውና የሰው ነጋዴው በሕግ ቢለያዩም፣ በመንገድ ላይ አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጠው እንዲህ ነው። እገዳ ፍላጎትን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ምስክርን ነው።

አሁን ደግሞ ልጂቱ ወደምትገባበት ቤት እንግባ። በሊባኖስ፣ በዮርዳኖስና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የውጭ ሠራተኛ የሚኖርበት ሥርዓት ከፋላ ይባላል። በዚህ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ የሚታሰረው ከአገሩ ሕግ ጋር ሳይሆን ከአንድ አሠሪ ስም ጋር ነው። በብዙው አገር አሠሪው ካልፈቀደ ሥራ መለወጥ አትችልም፤ በአንዳንዱ አገርም ለመውጣት እንኳ ፈቃዱ ያስፈልጋት ነበር። ደመወዟ ቢከለከል፣ ብትደበደብ፣ ብትደፈርም እንኳ ከቤቱ በወጣች ሰዓት ጠፍታለች ተብሎ ይመዘገብባትና ተበዳይዋ ወንጀለኛ ትሆናለች። አሠሪው ቀድሞ ሄዶ ወርቅ ሰርቃ ጠፋች ብሎ ቢከስሳት፣ ቋንቋውን የማትችል፣ ፓስፖርቷ በከሳሿ መሳቢያ የተቈለፈባት ሴት በምን ትከራከራለች? የዮሴፍ ታሪክ ዛሬም የሚደገመው በዚህ ምክንያት ነው። ክፉ አሠሪ በየትም አገር ይኖራል፤ ደግ አሠሪም በእነዚያ አገሮች እንዳለ፣ እንደ ልጃቸው የያዟቸውን እመቤቶች ስም በበረከት የሚያነሡ እኅቶቻችን ይመሰክራሉ። የሥርዓቱ በደል ግን የሠራተኛዋን ዕድል በእመቤቲቱ ጠባይ ላይ መጣሉ ነው። ፍትሕ ማለት የድኻ ኑሮ በጌታው ደግነት ላይ እንዳይንጠለጠል ማድረግ ነውና።

የቤት ሥራ ደግሞ ከሌላው ሥራ የሚለይበት ነገር አለ። በፋብሪካ የሚሠራ ሰው በተበደለ ጊዜ ባልደረቦቹ ያዩታል፤ የቤት ሠራተኛ ግን የምትሠራበትም፣ የምትተኛበትም፣ የምትበደልበትም ስፍራ አንድ ነው፤ በሩም የተዘጋ ነው። ሕጉ ይህን አይቶ ይበልጥ ሊጠብቃት ሲገባ በብዙ አገር ከበሩ ላይ ቆሟል። በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በሰባተኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው አውጥቷቸዋል። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ የሂዩማን ራይትስ ዎች መርማሪዎች ባወጡት መግለጫ፣ ከጥር 2007 እስከ ነሐሴ 2008 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በሊባኖስ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ሞተዋል፤ 40ዎቹ ራሳቸውን ገደሉ የተባሉ ሲሆኑ፣ 24ቱ ከፎቅ የወደቁ ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ለማምለጥ ሲሞክሩ ነው። በሩ ቢከፈትላቸው ኖሮ በመስኮት ባልወጡ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የሆነውንም እናስታውስ። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ የኮሮና ወረርሽኝም ተጨምሮ፣ ብዙ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ለወራት ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ሳይሰጡ በመኪና አምጥተው፣ ከነሻንጣቸው በቤሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጥለዋቸው ሄዱ። እኅቶቻችን በአስፋልት ላይ አደሩ። ሐምሌ 28 ቀን በዚያች ከተማ ወደብ ታላቁ ፍንዳታ ሲደርስም መጠጊያ ያልነበራቸው ጥቂቶች አልነበሩም። በዚያ የመከራ ሰዓት ከሁሉ ፈጥነው የደረሱት ራሳቸው የቤት ሠራተኞች የነበሩ ሴቶች ናቸው። «እኛ ለእኛ በስደት» ብለው በ2017 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ማኅበር ምግብ ሲያድል፣ የቤት ኪራይ ሲከፍል፣ የመመለሻ ቲኬት ሲገዛ ሰነበተ። ገንዘባቸው ጥቂት፣ ሥልጣናቸው ምንም፣ ፈቃዳቸውም አጠራጣሪ ነበር፤ የነበራቸው አንዷ የሌላዋን ስም ማወቋ ነው። የሰው ንግድ የሚሸነፍበትን መንገድ ከየትኛውም የሕግ መጽሐፍ ይልቅ እነዚህ ሴቶች በተግባር ያሳዩን ይመስለኛል።

እስከ አሁን በሌሎች አገሮች ላይ ተናግሬአለሁ፤ አሁን ግን በገባሁት ቃል መሠረት ወደ ራሳችን ቤት እመለሳለሁ፤ ይህን ክፍል ሳላነሣ ብቀር ንግግሬ እውነተኛ አይሆንምና። ወደ ቤሩት የሄደችው ልጅ ከመሄዷ በፊት ብዙ ጊዜ በእኛ ከተማ ገረድ ሆና አገልግላለች። ከገጠር አውቶቡስ ስትወርድ ደላላ ተቀብሎ ለቤቶቻችን ያስቀጥራታል፤ ከሁሉ በፊት ተነሥታ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች፤ ደመወዟ «ይጠራቀምልሽ» እየተባለ በእመቤቲቱ እጅ ይቀመጣል፤ ትምህርት ቤት ትገባለሽ ተብላ የመጣችው በር ላይ ቆማ የቤቱን ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛለች። ከጋሞ ተራሮች «ሙያ ይማራሉ» ተብለው የመጡ ወንዶች ሕፃናትም በአዲስ አበባ በጨለማ ክፍል ከሸማ ዕቃ ጋር ታስረው ለረጅም ሰዓት ሲሸምኑ መኖራቸው የታወቀ ነው። በበዓል ቀን የምንለብሰውን ነጭ ጥበብ የሠራው እጅ የሕፃን እጅ እንዳይሆን መጠየቅ ማንን ይጎዳል?

ሕጋችንም በዚህ በኩል ገና ብዙ ይቀረዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን፣ ማለት የቤት ሠራተኛን፣ ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ በሌላ ደንብ እንዲወሰን ትቶታል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በጥቂት አንቀጾች ብቻ ይነካዋል። ሊባኖስን የወቀስንበት ነገር በመጠኑም ቢሆን በእኛም ቤት አለ ማለት ነው። እኛ ገረዳችንን በሕግ ያልከለልናት ስንሆን፣ ሌላው ሕዝብ ልጃችንን እንዲከልልልን የምንጠይቀው በምን አፍ ነው? የቤት ሥራ ሥራ ነው፤ ዕረፍት፣ ደመወዝና ዳኛ ይገባዋል። ይህ እምነት በአዲስ አበባ ከጸና በቤሩትና በሪያድ ለመከራከር ጉልበት ይሆነናል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ወደ ንግግሬ መደምደሚያ ደርሻለሁ። ጠያቂ መሆን ይቻላል ወይ ለሚል ሰው፣ ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ላንሣ። በ1995 እ.ኤ.አ. አንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ በሲንጋፖር በሞት በተቀጣች ጊዜ የአገሯ ሕዝብ በአንድ ድምፅ አለቀሰ፤ መንግሥቱንም ጠየቀ። በዚያው ዓመት በውጭ አገር የሚሠሩትን ዜጎች የሚጠብቅ ሕግ ወጣ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፊሊፒንስ መንግሥት በኩዌት የሆነ ግፍ አስቈጥቶት ሠራተኛ መላክን ካቆመ በኋላ፣ በግንቦት ወር ፓስፖርት ከሠራተኛዋ እንዳይወሰድ፣ ስልክም እንዳይከለከል የሚያዝዝ ስምምነት ከኩዌት ጋር ተፈራረመ። የእኛ እገዳና የእነርሱ እገዳ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የእነርሱ እገዳ በር የዘጋው ለመደራደር ነበር። ፓስፖርትና ስልክ ትንሽ ነገር ሊመስሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን ስልክ ያላት ሴት እናቷ በየሳምንቱ ትጠይቃታለች፤ ፓስፖርቷም በእጇ ከሆነ በሩን ከፍታ ትወጣለች።

እንግዲህ ከመንግሥታችን የምንለምነው፣ ሠራተኛ በሚላክበት አገር ሁሉ ቋንቋውን የሚያውቅ የሥራ ጉዳይ ሹም፣ ለተበዳይ ሴት የሚከፈት መጠለያና በፍርድ ቤት የሚቆምላት ጠበቃ እንዲኖር፣ ስምምነት የሚፈረመውም በዚህ ቃል ላይ እንዲሆን ነው። ከቀበሌ ሹማምንት የምንለምነው፣ በሕፃን መታወቂያ ላይ ዕድሜ የሚጨምር እጅ ሕፃኗን እንደሚሸጥ እንዲያውቁ ነው። ከወላጆች የምንለምነው፣ ልጅ መሄዷ ቁርጥ ከሆነ የፓስፖርቷንና የውሏን ግልባጭ፣ የአሠሪዋን ሙሉ ስምና አድራሻ ሳይይዙ እንዳይሸኟት፣ ከሄደችም በኋላ «መቼ ትልኪያለሽ?» ከማለታቸው በፊት «እንዴት ነሽ?» እንዲሉ ነው። ባዶ እጇን የተመለሰችውን ደግሞ ሰፈሩ በሐሜት አይቀበላት። አእምሮዋ ታውኮ የምትመለስ አለች፤ ሕፃን ታቅፋ የምትመለስ አለች። አጋር ኢትዮጵያን የመሰሉ የበጎ አድራጎት ማኅበሮች እነዚህን ሴቶች እያስታመሙ ነው፤ ነገር ግን አንድ ማኅበር የአንድን አገር ኀዘን ሊሸከም አይችልም፤ እድሩም፣ ሰንበቴውም፣ መስጊዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም የየሰፈሩን ተመላሽ ቤቱ ሄዶ መጠየቅ ይገባዋል።

ለእያንዳንዳችን የሚቀረው ሥራ ግን አዋጅ የሚጠብቅ አይደለም። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችን ስንገባ፣ በቤታችን የምታገለግለውን ልጅ የተወለደችበትን ቀበሌ፣ የወላጆቿን ስምና የሚገኙበትን ስልክ እንወቅ፤ የተጠራቀመ ደመወዟን በእጇ እንስጣት፤ የዕረፍት ቀኗንና የትምህርት ሰዓቷን እንወስንላት፤ ዕድሜዋ ለሥራ ያልደረሰ ከሆነ ወደ ወላጆቿና ወደ ትምህርት ቤቷ የምትመለስበትን መንገድ እንፈልግ። ይህን ያደረገ ሰው ከሰው ንግድ ሰንሰለት አንዱን ቀለበት በገዛ ቤቱ ሰብሯል፤ ስለ ቤሩትና ስለ ሪያድም በሙሉ አፉ መናገር ይችላል።